ከሬዲዮው ጋር የማይመጣው ሳጥን

«አባባ፣ ድምፅህ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ደረሰኝ። ያንን ሬዲዮ ከሞት ያስነሣኸው አንተ መሆንህ ምንም አልገረመኝም፤ እጅህ ዛሬም አልደከመም። እኛ ቤት ካንተ በቀር ይህን የሚችል ሰው የለም። ልጅህ፣ ማሙሽ።»

ለውድ ወንድሜ፣

ከላይ ያለውን በሬዲዮ ለመነጋገራችሁ ማረጋገጫ ለአባባ ከላክኸው ካርድ ጀርባ ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ወደ እሱ እመጣለሁ። ሰው ቢቆጣም ሰላምታ አይነፍግምና፣ ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ በሩን እንደ ሽማግሌ ተደግፈህ ነው? ባለቤትህ እንዴት ናት? የሌሊት ተረኝነቱ ቀረላት? ልጆቹስ? ትልቁ መነጽሩን የሚጥልበት በሽታ ለቀቀው? የትንሿስ ሳል ጨርሶ ተዋት? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ ልጄም ትምህርቷን ይዛለች። እኔም ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን የጨመረው ካርድህ ከመጣ ወዲህ ነው። አባባ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቆጡናል፤ ስለዚህ ደህና ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን በሬዲዮ ስትነጋገሩ አባባ ስለ እድሳቱ ምን አሉህ? «እኔ ነኝ ያደስኩት» አሉህ? «ወንድምህ ነው ያደሰው» አሉህ? ወይስ እሳቸው ምንም ሳይሉህ አንተ ከራስህ አውጥተህ ጻፍከው? ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። እሳቸውን ልጠይቃቸው ደግሞ አልችልም። ነገሩን ከእሳቸውና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ይህም ራሱን የቻለ ንዴት ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ አንተ የምታውቀው ካርድህ ላይ የጻፍከውን ብቻ ነውና። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሬዲዮው በኋለኛው ክፍል፣ በላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ፣ የተሰበረ ወንበር ተጭኖበት ነበር የኖረው። አጠገቡ የኃይል ሳጥኑ አለ። ልጆች ሳለን በክረምት እግራችንን የምናሞቅበት፣ ድምፅ ማጉያውም በውስጡ ያለው ያ ግራጫ ብረት ማለቴ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት አባባን ጢማቸውን እየላጨኋቸው ሳለ፣ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ፣ «ያ ሬዲዮ ቢሠራ ማሙሽን አወራው ነበር» አሉ። «ስልክ አለ እኮ አባባ፣ አሁኑኑ ልደውልልዎት» አልኳቸው። «ስልክማ የሁሉም ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገሩም። የሚናገሩትን አንዴ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ታውቃቸዋለህ። በሳምንቱ ሁለቱንም ተሸክሜ የጓሮው ክፍል የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አወጣኋቸው።

የኃይል ሳጥኑን ክዳን ስፈታ አይጥ ቤት ሠርታበት አገኘሁ። ከጋዜጣ ቁራጭና ከእናታችን የሹራብ ክር የተሠራ ጥሩ ቤት ነበር፤ ከአንዳንድ ሰው ቤት ይሻላል። የገመዶቹ ጎማ እጅ ሲነካው እንደ ደረቅ ብስኩት ይረግፋል። ኤሌክትሪኩን የሚያጠሩት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አብጠው፣ ከሥራቸው ቡናማ ሙጫ የሚመስል ነገር አልቅሰዋል። ሳጥኑን ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ መሰኪያው ተሰነጣጥቆ እግሮቹ ይወዛወዛሉ። የሥዕል ወረቀቱ የለም፤ አንተ ስትሄድ ይዘኸው ሄደሃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በእጄ ተከትዬ፣ በባዶ ወረቀት ላይ አዲስ ሥዕል ሠራሁ። በዓይኔ ፈጀሁት ማለት ይቻላል። ባለቤቴ በራፉ ላይ ቆማ፣ «ያን ብረት የምታየውን ያህል እኔን ብታየኝ ኖሮ ገና ልጃገረድ እመስል ነበር» አለችኝ። አልሳቅሁም፤ ሽቦ እየቆጠርኩ ነበር። ከሳቅሁ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ካፓሲተሮቹን ሁሉ ቀየርኩ። መጠናቸው ልክ የሆነ ስላልነበረ ትንንሾቹን ደርድሬ አንድ ትልቅ አደረግኋቸው፤ ከሥር አዲስ መደገፊያ ቆርጬ ሠራሁላቸው። የመሰኪያው አምሳያ ከገበያ ስለጠፋ ሌላ ዓይነት ገዝቼ፣ እግሮቹን በራሴ አደላደል አሰርኩ። አደላደሉን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ይህን ልብ በል፤ በኋላ ይጠቅምሃል። ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት ቀን መጣ። እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ በቀጥታ ከግድግዳ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ በመካከል አንድ ተራ አምፑል ይገባለታል፤ አምፑሉ ደምቆ ከበራ ውስጡ አደጋ አለ ማለት ነው፣ ቀስ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። አምፑሉ ደበዘዘ። በዚያው ጥቂት ቀናት እየተለማመደ እንዲቆይ ወሰንኩና አምፑሉን እንደተገጠመ ትቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሽታው ተቀበለኝ። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታ ለማንም አይጠፋም፤ ስኳር በሚነድ ጎማ ላይ የፈሰሰ ያህል ነው። አባባ የእኔ ወንበር ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አምፑሉ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሳጥኑ በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ተገናኝቷል። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ራሳቸው፣ «አምፑል መሐል ምን ይሠራል? በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርሃት አልነበረም» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ኤሌክትሪኩ ነው። ዘንድሮ ኤሌክትሪኩም ከፍቷል» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ ኤሌክትሪኩ ነው» አልኳቸው። መስኮቱን ከፈትኩና እራት ደርሷል ብዬ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

ወንድሜ፣ የማላዛንፍ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። በሥራ ቦታዬ አንድ ሚሊሜትር ለሳተ ሰው ምን እንደምለው ሰምተሃል፤ ከሠራተኞቹ ግማሹ በዚህ አይወደኝም። ለእሳቸው ግን «ኤሌክትሪኩ ነው» አልኩ። ይህን ማንም አልነገረህም፣ አሁን እኔ ነገርኩህ።

ቮልቱን ከፍ የሚያደርገውን ያን የተቃጠለ ትራንስፎርመር ከሳጥኑ ፈትቼ ሞተር ጠምጣሚው ጋ ወሰድኩት። በገበያው ጀርባ፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ወፍራም ሰውዬ ነው። አገላብጦ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሬሳ ነው። መዳቡን ይስጡኝና ለእርስዎም ለእኔም ይበጀን» አለኝ። የጥቅሉን ቁጥርና የሽቦውን ውፍረት ጽፌ ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ሽቦውን ለካሁ፤ ከጻፍኩለት የቀጠነ ነው። በዚያ ቅጥነት ስምንት መቶ ቮልት ሲሸከም በአንድ ሳምንት እንደገና ይነድ ነበር። መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ከሚስቴ ይብሳሉ» አለ። «ሚስትህ በመለኪያ አትለካህም» አልኩት። «እሷማ በዓይኗ ነው የምትለካኝ፤ መለኪያ ይሻላል» ብሎ እያጉረመረመ እንደገና ጠመጠመው። ሁለተኛው ልክ ነበር።

የበራበትን ቀን አልተርክልህም፤ ስለዚያ ቀን ማውራት ያለበት ያበራው ሰው ነውና፣ በአንተ ካርድ መሠረት እኔ አይደለሁም። ይህን ብቻ ልበል። የመስታወት ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ ፍም ሲመስሉ፣ ሞገድ የሚፈለግበት የመደወያው መስኮት በዚያ በምታውቀው አረንጓዴ ብርሃን ሲሞላ፣ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ምንም አልነበረም። ጸጥታ ብቻ። ለዚያ ጸጥታ ነው ያን ሁሉ ወራት የሠራሁት።

አሁን ደግሞ ካርድህን ልመርምር። «እንደ ድሮው ጥርት ብሎ» ብለሃል። ድሮ ጥርት ብሎ ያውቃል? የአባባ ድምፅ በሬዲዮ ሲወጣ ከሥሩ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉመጉም ነገር እንደነበረው ረስተኸዋል? እናታችን «ንብ ታቅፎ ነው የሚያወራው» ትላቸው እንደነበርስ? ያ ጉምጉምታ የኃይል ሳጥኑ ነበር። በአዲስነቱም በደንብ ተጣርቶ አያውቅም፤ አባባም አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም። በጆሮህ ሙያ የማትታማው አንተ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ተደፍቶልህ ያደግህ አንተ፣ መጀመሪያዋን ቃል ስትሰማ የሌላ ሰው እጅ እንደገባበት መለየት ነበረብህ። ንቡ የት ሄደ ብለህ መጠየቅ ነበረብህ። አልጠየቅህም፤ ካንተ በቀር የሚችል የለም አልካቸው።

ማዳመጫ ተደፍቶልህ ያልኩት በቅናት እንዳይመስልህ ልል ነበር። ግን ቅናት ነው፤ ምን አደክምሃለሁ። እሳቸው ማታ ማታ አንተን ያቺ የሳሙና ሣጥን ላይ ቁጭ አድርገው የሞርስ መምቻውን ቁልፍ በጣትህ ሲያሲዙህ እኔ በራፉ ላይ እቆማለሁ። «አንተ ሂድና ትምህርትህን አጥና፤ የተማረ ሰው ያስፈልገናል» ይሉኛል። ሄጄ አጠናሁ። አንተ በአሥራዎቹ ዕድሜህ ፈተናውን አልፈህ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተሰጠህ፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ ያህል ተደሰቱ። እኔ በመሐንዲስነት ስመረቅ «ደግ አደረግህ» አሉኝ። እኔ ዲግሪውን አገኘሁ፣ አንተ ወንበሩን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔ «ኢንጂነሩ» ነኝ፤ አንተ ደግሞ ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ምንም ሳይቀርህ «ማሙሽ» ነህ። እኔ እስካሁን «እርስዎ» እላቸዋለሁ። አንተ ካርድ ላይ፣ ፖስተኛው በሚያየው ጽሑፍ፣ «አንተ» ትላቸዋለህ፤ እሳቸውም ያን እያነበቡ ደስ ይላቸዋል። እኔ አንድ ቀን «አንተ» ብላቸው የሚሰድቡኝን ስድብ እዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ፈቃድ የሌለው ሰው በአየር ላይ መናገር እንደማይችል አንተም ታውቃለህ። እኔ ሕግ አልጥስም። ሙከራዬን ሁሉ የሠራሁት ኃይሉ ወደ አየር ሳይወጣ ሙቀት ሆኖ በሚቀርበት መሞከሪያ ላይ ነው። ማለትም ያን ሬዲዮ ሠርቼ ሠርቼ አንዲት ቃል አልተናገርኩበትም። ተናጋሪው አባባ ናቸው። ሸሚዝ ቀየሩ፤ አዎ፣ ለሬዲዮ ሸሚዝ ቀየሩ፤ ቁልፉን የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ። መደወያውን አንተ ዘወትር በምትገኝበት ሞገድ ላይ አቁሜ ማይክሮፎኑን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ልክ ሊጀምሩ ሲሉ ነፋስ ተነሣና የአንቴናው ምሰሶ ገመድ ላላ። ሽቦው ወርዶ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሊነካ ሆነ። ቢነካ የሚላከው ኃይል ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ቱቦዎቹን ይገድላቸዋል። ሮጬ ወጣሁና ምሰሶውን አቅፌ ቆምኩ።

በመስኮት «እንዳትለቅ!» አሉኝ። አልለቀቅሁም። ከዚያ የጥሪ ምልክታቸውን ሲሉ ሰማሁ፣ ደጋግመው። ከዚያ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሳቁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። የተቀረውን ነፋሱ ወሰደው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ ወደ እኔ የሚመስል፣ በእጃቸው ጠቆሙ። ወደ እኔ ነው? ወደ ምሰሶው ነው? ወደ ሰማዩ ነው? ሌሊት ስነቃ የማስበው ይህን ጣት ነው። ባለቤቴ ከወጥ ቤቱ ብቅ ብላ፣ «ባንዲራ ነው የምትሰቅለው? ምን ሆነህ ነው ምሰሶ አቅፈህ የምትቆመው?» ትለኛለች። እጄ ደንዝዞ ስገባ ሬዲዮው ጠፍቷል። «ማሙሽ ሰላም ብሎሃል» አሉኝ። ይኸው ነው። ሰላም ብለኸኝ ነበር? ይህንንም ጻፍልኝ፤ ይህ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው፣ ብትዘለውም ግድ የለኝም።

ከዚያ ካርድህ መጣ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ በራፉ ላይ፤ ፖስታ ስለሌለው አነበብኩት። ለማንበብ መብት የለህም እንዳትለኝ፤ እሳቸው በማጉያ መስታወት እንኳ መስመር ስለሚዘሉባቸው ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ይህንን ግን አንብብልኝ አላሉኝም። ራሳቸው፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ልብሴን እንዳልቀየርኩ ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ነው። «የማሙሽ ጽሕፈት ዛሬም ያምራል» አሉ። ካርዱን ሰጡኝና ከሬዲዮው በላይ፣ ከድሮዎቹ ካርዶች ሁሉ ፊት እንድሰካላቸው አዘዙኝ። ሰካሁት። ቀጥ ብሎ ነው የተሰካው፤ በውኃ ልክ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ጓደኛቸው መጡ። ያቺን አንድ ጥርሳቸውን ይዘው እስካሁን አሉ። ካርዱን አነበቡና፣ «አንተ ጉደኛ! በዚህ ዕድሜህ!» ብለው የአባባን ትከሻ መቱ። እኔ ሻይ ይዤ እየገባሁ ነበር። አባባ «ተወው ባክህ» አሉ። «ተወው ባክህ» ያደረገውም ሰው ይላል፣ ያላደረገውም ይላል። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ሰዓት ሠሪው ከኋላዬ «ኢንጂነሩ ዛሬ ምነው ከፋው?» ሲሉ ሰማሁ። «ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ስሙን ነው እንጂ ጠባዩን አልመረቁለትም» አሉ አባባ። ሁለቱም ሳቁ።

አሁን የምነግርህን ነገር በስልክ አትሰማውም፤ በስልክ «ደህና ነኝ» ነው የሚሉህ። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ብርጭቆ እስከ ግማሽ ነው የምንቀዳላቸው። ዳቦ የምቆርስላቸው፣ ቁልፍ የምቆልፍላቸው፣ ጢም የምላጫቸው እኔ ነኝ። መበየጃ መያዝ ቀርቶ ካቻቢቴ ብሎን ላይ ማሳረፍ አይችሉም። አንተ «እጅህ አልደከመም» ብለህ የጻፍከው ስለዚያ እጅ ነው። ካርድህ ከመጣ በኋላ አንድ ቀን ብቻቸውን ሬዲዮው ፊት ተቀምጠው አየኋቸው። ሊያገኙህ እየሞከሩ ነው። መደወያው እንደ ፀጉር ነው፣ በትንሽ ንክኪ ያልፋል፤ አንድ ድምፅ ይይዛሉ፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ያመልጣል። እንደገና። እንደገና። ገባሁና «ልያዝልዎት?» አልኳቸው። «ተወው» አሉ፤ አጠፉት። በሳምንቱ ራት ላይ፣ «ሬዲዮው ማሙሽ ጋ ይሂድ። እዚህ ማን ይነካዋል?» አሉ። እጄን አየሁት። የብየዳ ጠባሳው አሁንም አልጠፋም። ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ እኔም ጎረስኩ።

ስለዚህ ሬዲዮው ጥር 20 ቀን ወደ አንተ ከሚነሣው የእህታችን ባል ጋር ይመጣልሃል። በፎጣና በስፖንጅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ቱቦዎቹን ለብቻ አሽጌያቸዋለሁ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ተጽፎባቸዋል። የኃይል ሳጥኑ ግን አይመጣም። ለአባባ ሻንጣው ከብዶ ነው ብያቸዋለሁ፤ ውሸት አይደለም፣ ሳጥኑ ከባድ ነው። ሌላ ገዝቼ እሰካበታለሁ እንዳትል። የመሰኪያው አደላደል የእኔ ነው ብዬሃለሁ። በግምት ብትሰካው ስምንት መቶው ቮልት ጥቂት ቮልት የሚበቃቸው ቦታ ይገባና ያን ሁሉ ልፋት በዓይን ጥቅሻ ታነድደዋለህ። ልጅነት ነው በለኝ። ባለቤቴም ብላኛለች። ሳጥኑ እዚህ እግሬ ሥር ተቀምጦ ነው ይህን የምጽፈው።

ለምን አባባን አልጠየቅሃቸውም ትለኛለህ። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ፤ ልንገርህና ይውጣልኝ። «እኔ ነኝ ያደስኩት» ብለውህ ከሆነ፣ ለምን እንዳሉህ ይገባኛል። አንተ ፊት ያልደከሙ ሰው ሆነው መቆየት ይፈልጋሉ። አንተ የምታውቃቸው ያንን መደወያ በሁለት ጣት የሚያስቆሙትን ሰው ነው፤ ያ ሰው እንዲሞትብህ አልፈለጉም። እኔ ፊት ግን አረፋ ፊታቸው ላይ እያለ ያወራሉ፣ ሾርባ ያፈስሳሉ፣ ያቃጠሉትን ትራንስፎርመር ፊት ለፊት አስቀምጠው ኤሌክትሪኩ ነው ይላሉ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ አባትህ ይበልጥ የሚቀርቡት አንተን ነው፣ ደስ ሊልህ ይገባል ይሉኛል። ባለቤቴም እንዲሁ አለች። እኔ ደስ አላለኝም። ለእኔ ድካማቸውን ሰጡኝ፣ ለአንተ ጉልበታቸውን አቆዩልህ። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ አባቱ ሊያስደንቀው ፈልጎ የዋሸው ልጅ ሆኜ አላውቅም። በአንተ የምቀናው በወንበሩ አይደለም፤ በዚህ ነው።

ሄጄ ብጠይቃቸው ደግሞ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ እውነቱን ነግረውኝ ያፍራሉ፣ ወይ እኔንም እንደ አንተ ይዋሹኛል። ሁለተኛውን ብመኘውም አሁን ጠይቄ የማገኘው ውሸት ዋጋ የለውም። ስለዚህ አንተም እንዳትጠይቃቸው። ይህን ደብዳቤ እንዳገኘህም አትንገራቸው። እጃቸውንም እንዳወቅህ አታስመስል፤ «እጅህ እንዴት ነው» ብለህ በስልክ ብትጠይቅ ዕድሜ ልክህን አልለቅህም።

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርስልኝ። ለባለቤትህ እንዳከበርኳት፣ በዚህ ጠብ ውስጥ እሷ እንደሌለችበት ንገራት። ለትልቁ ልጅ አጎትህ ለመነጽርህ ማንጠልጠያ ክር ልኮልሃል በለው፤ ከሬዲዮው ጋር ታገኘዋለህ። ትንሿን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባለቤቴ ትስምሃለች፤ «ሁለታችሁንም ጨፍልቆ አንድ ሰው ማድረግ ነበር» ትላለች። ልጄ አጎቷን ናፍቃለች። ሰዓት ሠሪውም ሰላም ብለውሃል። አባባ በየቀኑ ስምህን ያነሣሉ፤ ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ አንተ ገምት።

አሁን መልስህን። በስልክ አትንገረኝ፤ በስልክ ትስቃለህ፣ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ፣ ነገሩም ተድበስብሶ ይቀራል። በወረቀት ላይ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈትህ፣ አባባ ያሉህን ቃል እንዳሉት ጻፍልኝ፤ ትዝታህ ካልያዘው አልያዘውም ብለህ ጻፍ፣ አታሳምረው። ስሜን አንሥተው ከሆነና አንተ ያንን ካርድ የጻፍከው ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ጠቤ ከአንተ ጋር ነው፤ ከአንተ ጋር መጣላት ለምጄዋለሁ። እሳቸው «እኔ ነኝ» ብለውህ ከሆነ ግን አታርማቸው። አሁንም በየካርዱ እጅህ አልደከመም እያልክ ጻፍላቸው፤ እኔ ራሴ አነብላቸዋለሁ፣ እኔ ራሴ እሰካዋለሁ። ለእኔ ግን በተለየ ወረቀት፣ ያን ሬዲዮ ማን እንደሠራው እንደምታውቅ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ። ወረቀቱ በደረሰ ማግስት ሳጥኑ ከሬዲዮው ጋር ይታሸጋል። እስከ ጥር 15 ቀን እጠብቃለሁ፤ በጽሑፍ።

ታላቅ ወንድምህ

ከአባባ ቤት፣ ከጓሮው ክፍል
ኅዳር 24 ቀን 2009 ዓ.ም.